ሁለት ሌንስ ይዤ ወደ ሮቤ

ባሌ ደርሼ መጣሁ ስል አዳማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሶፍ ዑመርን አየሽው?» አላየሁትም። ሳምንት ሙሉ ሮቤ ተቀምጬ፣ በየቀኑ «ነገ እንወስድሻለን» እየተባልኩ ቆይቼ፣ በመጨረሻም ራሴው ገበያ መርጬ፣ ዋሻውን ሳላይ ተመለስኩ። ስለዚህ ዋሻ ፈልጎ ይህን የሚያነብ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ለጀማሪ የሚሆን ካሜራ ገዝቶ፣ ቀጥሎ የትኛውን ሌንስ ልግዛ እያለ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ግን አረፍ ይበልና ያንብብ፤ የደረሰብኝን ሁሉ እነግረዋለሁ።

ገነት እባላለሁ፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ካሜራዬን የገዛሁት ከሰው እጅ ነው፤ ደመወዜ ለዕቁብም ለግድቡ ቦንድም ተቆርጦለት በተረፈው። አብሮት አንድ ትንሽ ሌንስ መጥቷል፤ ሁሉም ጀማሪ የሚጀምርበት፣ ሰፊውንም ጠባቡንም በመጠኑ የሚያነሳ፣ ለሁሉም ስለሚሆን ማንም የማያከብረው ዓይነት። በእሱ የተማሪዎቼን ምረቃና የባልደረቦቼን ልጆች ክርስትና አንስቻለሁ። ፎቶ አንሺ ነኝ ብዬ አላውቅም፤ ፎቶ አንሺ ነሽ ሲሉኝ ግን ክጄ አላውቅም።

ዘይነባ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ በአንድ ጠረጴዛ ነው የምንቀመጠው፣ አንድ ለአምስት ስንደራጅም አብረን ነው የተደራጀነው። አገሯ ሮቤ ነው። ታናሽ እህቷ ሰሚራ ልታገባ ሆነና አባታቸው ሐጂ ከድር አንድ ነገር ቆርጠው ተናገሩ፤ የሴቶች ቤት ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። ዘይነባም «ገነት ካሜራ አላት» አለች። በቃ፣ እንዲህ ነው ለሠርግ የታጨሁት።

ከመሄዴ በፊት ሰሚራ ራሷ ደወለችልኝ። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ወላጆቹ ጎባ ናቸው፣ እሱ ግን የሚሠራው ጂጂጋ ስለሆነ ይዟት ወደዚያ ይሄዳል። «ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም» አለችኝ። «ከእናቴ ጋር አንድ ፎቶ ብቻ እፈልጋለሁ። የሷ ፎቶ በእጄ አንድም የለም። ካሜራ ስታይ ግን ትሸሻለች፤ እንዴት እንደምታደርጊ አንቺ ታውቂያለሽ።» አውቃለሁ አልኳት። ምንም አላውቅም ነበር።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ያ የሕፃን ሌንስ አይበቃም ብዬ ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ አዳማ ውስጥ ያገለገለ ካሜራና የካሜራ ዕቃ ይሸጣሉ። ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ሌንስ አወጡልኝ። አንዱ ረጅም ነው፤ ሲዘረጋ ክንድ ያህላል፣ ሩቁን ጎትቶ ያመጣል። ሁለተኛው ባለ ሃምሳ የሚባለው ነው፤ አጭር፣ ቀላል፣ የሻይ ብርጭቆ የማያክል። አይዘረጋም፣ አይሰበሰብም። ዓይኑ ግን ሰፊ ስለሆነ ብርሃን አብዝቶ ያስገባል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ያነሳል።

«ረጅሙ ሰውን ሲያስጠጋልሽ፣ አጭሩ አንቺን ያስጠጋሻል» አሉኝ። «ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ። ዓርብ ስትመለሺ አንዱን ትመልሺልኛለሽ፣ አንዱን ትገዢኛለሽ። ሁለቱንም የሚገዛ ጀማሪ ሁለቱንም ሳያውቃቸው ይቀራል።»

ልቤ ከረጅሙ ጋር ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰው ከሩቅ ሲያየኝ ፎቶ አንሺ የምመስለው እሱን ስሰካ ነው። ያንን ከካሜራው ጋር የመጣውን ትንሹን ሌንስ ደግሞ፣ ሁለት ታላላቆች ይዤ እሱን ምን አሸከመኝ ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ሄድኩ።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን ከጫነ በኋላ የካሜራውንም ቦርሳ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ ተጣላኝ። በመጨረሻ አሸነፍኩትና፣ አቧራ እንዳይገባበት በነጠላዬ ጠቅልዬ አቅፌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እስከ አሰላ ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያወሩኝ። ጫት የሚሸጥ ልጅ በመስኮት ሲጮህ «ዝም በል፣ ትቀሰቅሰዋለህ» አሉት። ያኔ ነው የገባኝ። አሰላ ላይ ነጠላውን ስፈታ ከውስጡ የካሜራ ቦርሳ ሲወጣ ጊዜ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው እስከ ዶዶላ አላናገሩኝም። ዶዶላ ስንደርስ ግን ከቋጠሯቸው ቆሎ አካፈሉኝ።

ከአሰላ በኋላ ብርዱ ጀመረ። እኛ አዳማ ጥላ ፍለጋ መንገድ እንሻገራለን፤ እዚህ ሰዉ ፀሐይ ፍለጋ ይሻገራል። ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው፤ እንደ አዳማ ዙሪያ ደረቅና ድንጋያማ ሜዳ ሳይሆን ዓይን እስኪደክም የታረሰ አገር። ዲንሾ አካባቢ ኒያላዎች ከመንገዱ ዳር ቆመው አየሁ፤ እንደ ሰው ከብት ዝም ብለው ይግጣሉ። አውቶቡሱ አይቆምም። ረጅሙን ሌንስ በጥድፊያ ሰክቼ በመስኮቱ አነሣሁ። በኋላ ሳየው፣ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጆሮ በጣም ጠርቶ ወጥቷል።

ሮቤ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ዘይነባ ቀድማ ስለመጣች መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ባጃጁ መንገዱ እስከሚበላሽበት ካደረሰን በኋላ በፈረስ ጋሪ ቀጠልን። የአዳማ ጋሪ ፈረስ ሕይወት የመረረችው ነው። የሮቤው ግን በአንገቱ ላይ ቀይ የክር ጉንጉን ተደርጎለት፣ ባለቤቱ በስም እየጠራ ያወራዋል። ባለቤቱ እኔን ሰላም ያለኝ ፈረሱን ካረጋጋ በኋላ ነው።

ሰላምታውን ደግሞ ለብቻው መናገር አለብኝ። አዳማ «ሰላም ነው?» ተባብለን እንተላለፋለን፤ መልሱን የሚጠብቅ ሥራ የፈታ ነው። ሐጂ ከድር ደጃፍ ስደርስ ግን ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አዳማ ዝናብ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠባይ ተጠየቅሁ፤ ለእያንዳንዱም «አልሐምዱሊላህ» እየተባለልኝ ነው። ከብት አለሽ ወይ ሲሉኝ የለኝም በማለቴ አዘኑልኝ።

የዘይነባ እናት አዴ ሐሊማ አቅፈው ሳሙኝና እሳቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲስቁ ከፊት አንድ ጥርሳቸው የጎደለ ሴት ናቸው።

«ያ ያቀፍሽው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ካሜራ ነው፣ አዴ። አንድ ላንሳዎት?»

«ኢንሻአላህ፣ በኋላ» ብለው ወደ ጓሮው ማድ ቤት ገቡ። ያ «በኋላ» ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተባለልኝ አልቆጠርኩትም።

ማክሰኞ

የዘይነባ አጎት ልጅ ጀማል ለሠርጉ ማርና ቡና ለማምጣት በፒካፑ ወደ ደሎ መና ይሄድ ነበርና እኔንና ዘይነባን ጫነን። ጎባን አልፈን ወደ ሰነቴ ስንወጣ፣ ዛፉ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ላይ ስንደርስ ቀዝቃዛ ሜዳ፣ ኩሬ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅብራ። እኔ የለበስኩት ሹራብ አዳማ ውስጥ ለክረምት የሚበቃኝ ነው። እዚህ እንደ ወንፊት ነው ያሳለፈብኝ።

ቀዩ ቀበሮ በእውነት ነበር። ከመንገዱ ራቅ ብሎ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። ጀማል መኪናውን አቆመልኝ። ይህችን ቀን ነው ረጅሙ ሌንስ የሚጠብቃት ብዬ እስከ ጫፉ ዘረጋሁትና ደጋግሜ አነሣሁ። ለጀማሪ ወንድሞቼና እህቶቼ የምነግረው እዚህ ላይ ነው፤ ረጅም ሌንስ ሩቁን እንደሚያጎላ ሁሉ የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል። ርካሹ ረጅም ሌንስ ደግሞ ሲዘረጋ ዓይኑ ስለሚጠብ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ሰነቴ ላይ ያን ቀን ዳመና ነበር፤ እኔም ከጥርሴ እስከ ጣቴ እንቀጠቀጥ ነበር። የወጣው ፎቶ በግራጫ ላይ የፈሰሰ ቀይ ወጥ ይመስላል።

ጀማል ካሜራውን አየት አደረገና «ይቺ ቀበሮዋ ናት ወይስ የሹራብሽ ክር?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። በዚያው መንገድ ጎማ ተበላሽቶበት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ራሱ ቀርቦት ያነሳው ቀበሮ ነው፤ ፂሙ ሳይቀር ይታያል። «ሳትሯሯጪ ከተቀመጥሽ ይመጣል» አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን ስልኩን ቀምቼ ሁለት ጊዜ አየሁት።

ከሰነቴ ወርደን ሀረና ጫካ ስንገባ ቀን ጨለመ፤ ጭጋጉ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል። መንገድ ዳር ማር የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ረጅሙ እዚያ ምንም አላየልኝም፤ ባለ ሃምሳውን ስሰካ ግን የሽማግሌው ፊት በዚያ ጨለማ ውስጥ ጥርት ብሎ ወጣ። ብቻ አይጎትትምና እግሬን አንስቼ እስከ አጠገባቸው መሄድ ነበረብኝ፤ አጠገባቸው ከደረስኩ ደግሞ ሰላም ሳልል መቆም አልቻልኩም፤ ሰላም ካልኩ ማር ሳልቀምስ መሄድ አልቻልኩም። ለአንድ ፎቶ ያን ያህል ጊዜ መፍጀቱ አበሳጨኝ። መና ስንደርስ ሙቀቱ ልክ እንደ አዳማ ሆነልኝና ሹራቤን አወለቅሁ፤ ጀማል ላቡን እየጠረገ ሲያማርር የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

የሙስሊም ቤት እንግዳ የሆነ ክርስቲያን የሥጋው ነገር እንዴት እንደሚሆን ያውቃል፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም። ሐጂ ከድር ይህ እንዳያስቸግረኝ አስበው ለእኔ ለብቻዬ አንድ በግ ገዝተው፣ የሚባርኩልኝን ጎረቤታቸውን አቶ በላይን አስጠርተው ኖሯል። አቶ በላይ አያታቸው ከሰሜን መጥተው ሮቤ የቀሩ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው ከእኔ አማርኛ ይልቅ የሐጂን ኦሮምኛ የሚያጣፍጡ ሰው ናቸው። ማለዳ ቢላዋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ፤ በጉም ቀርቦ ቆመ።

«ሐጂ» አሉ አቶ በላይ ድንገት ቆም ብለው፣ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።»

«እንግዲያ ልጅቷም ጿሚ፣ እኔም ጿሚ።»

ሐጂ ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉ። «ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ረቡዕን እረሳለሁ? እርጅና ነው፤ አውፍ በሉኝ።» በጉ ወደ ጓሮ ተመለሰ። አንድ ሌሊት ያተረፍኩለት በግ ነውና በሄድኩበት ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። አዴ ሐሊማ፣ ወተትና ቅቤ ያልነካው ነገር በማይገኝበት ቤት፣ አዲስ ድስት አውጥተው በዘይት ሽሮ ሠሩልኝ። ራሳቸው ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ «ይህንን ነው የምትበሉት? አላህ ይቀበላችሁ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። አዴ ሐሊማ ሰሚራን ጓሮ አስቀምጠው ጠጉሯን ይሠሩላት ጀመር። ሰሚራ ዓይኗን ወደ እኔ ወረወረች፤ «አሁን» ማለቷ ነው። በፊት ለፊት ከሄድኩ «በኋላ» እባላለሁ። ስለዚህ ከገብስ ጭዱ ክምር ኋላ ዞርኩና ረጅሙን ሌንስ አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። ብርሃኑ ሞልቷል፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። አዴ ሐሊማ ማበጠሪያውን በከንፈራቸው ይዘው፣ በሁለት እጃቸው የልጃቸውን ራስ እንደ እንቁላል ይዘው ጎንበስ አሉ። አነሣሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሰሚራ ስታየው አቅፋ ሳመችኝ። እኔም በልቤ ጋሽ ተፈራን፣ ባለ ሃምሳውን ልመልስልዎት ነው አልኳቸው።

ማምሻው ላይ ሻይ ስንጠጣ አዴ ሐሊማ «ላሜን አንስተሽልኛል አሉ፤ እስቲ አሳይኝ» አሉኝ። በደስታ ከፈትኩላቸው። ላሟን አዩና ሳቁ፤ የካሜራውን ቁልፍ እንዳሳየኋቸው አድርገው በጣታቸው ተጫኑት። ቀጥሎ የመጣው ያ ፎቶ ነው።

ጠጋ አድርገው አዩት። ከዚያ «የት ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«ከጭዱ ኋላ፣ አዴ።»

«እኛ ዘንድ ከጭድ ኋላ የሚቆም ዶሮ ሊሰርቅ ነው።»

ዘይነባ ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

«አጠገቤ ውለሽ አደርሽ፤ እጄ ያበሰለውን በላሽ። ፊቴን ስትወስጂ ግን ሰላም አላልሽኝም» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አዮ፣ እኔ ነኝ ያልኳት» አለች ሰሚራ እናቷን።

«አውቃለሁ አንቺ እንደሆንሽ።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ከሰው ጋር ፎቶ ተነስቻለሁ። አንዴ ወንድሜ ለጦርነት ሲሄድ፤ እሱ ቀረ። አንዴ ልጄ አሚን ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ፤ እሱ በስልክ ነው ያለው። አንዴ ይቺ ዘይነባ ወደ አዳማ ስትሄድ።»

«እኔማ ይኸው መጣሁ» አለች ዘይነባ።

«አንቺ የምትመጪው በእንግድነት ነው» አሏት። ዘይነባ ሳቋ እዚያው ላይ ቀረ።

«እኔ ቤት ፎቶ የሚነሳ ሰው ሊሄድ የተነሣ ሰው ነው» አሉ አዴ ሐሊማ። «ከምትሄድ ልጅ ጋር አልነሳም።»

ሳይጠይቁኝ ካሜራውን ተቀበልኳቸውና ፎቶውን አጠፋሁት። በጣም ነው የቆጨኝ፤ እንዲያውም ለአፍታ ተናድጄባቸው ነበር። ሰሚራ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። እናትየው በሩን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሑድ ለመልስ ትመጣለች። ስትሄድ ሳይሆን ስትመጣ አንሺኝ። ከፊት ለፊቴ ቁሚ፤ ሰላም በይኝ፤ እኔም አይሽ።»

እኔ የምመለሰው ዓርብ ነበር።

ሐሙስ

የሠርጉ ቀን የሴቶቹ ቤት ከበሩ በቀር ብርሃን የሚገባበት የለውም፤ መብራትም ያን ቀን ሄዶ ነበር። ረጅሙን ሌንስ ከቦርሳው አላወጣሁትም። ባለ ሃምሳው ግን ጨለማውን እንደ ድመት ያየዋል። አንዷን ላነሳ ስጠጋ «ነጋያ? ፈያ?» ይባላል፤ እመልሳለሁ፤ አጠገቧ ያለችውም ሰላምታዋ እንዳይቀርባት ትጠብቃለች። አንድ ዙር ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሰላም የተባለ ፊት ካሜራ ሲመጣበት አይደነግጥም። እኛ አዳማ ስቱዲዮ ውስጥ «ፈገግ በሉ» እያልን የምንለምነው ነገር እዚህ ሳይለመን ይመጣል።

በጉም ቀኑ ደረሰ። አቶ በላይ በስመ አብ ብለው ባረኩት፤ ድስቱ እንዳይሳሳት ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ታሰረበት፤ እኔ፣ አቶ በላይና ባለቤታቸው ለብቻችን ተቀምጠን በላን። ሐጂ ከድር በመካከሉ መጥተው ጠገባችሁ ወይ እያሉ ይጠይቁናል። ለሦስት ሰው አንድ በግ ቀርቦ አልጠገብንም የሚል ካለ እሱ የሚያስፈራ ሰው ነው።

ማምሻውን ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሰሚራን ወደ ጎባ ይዘዋት ሄዱ። እልልታው ደጁን ሲሞላው አዴ ሐሊማ አልነበሩም። ጓሮ ስሄድ ማድ ቤት ቁጭ ብለው አንድ የታጠበ ትሪ እንደገና ያጥባሉ። ካሜራው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። አላነሣሁትም፤ ውሃ ቀዳሁላቸው።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ጠዋት ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ። ኔትወርክ ያለው የአቶ በላይ ቤት ኋላ ያለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ነፋሱ ነጠላዬን እየነጠቀኝ ነው የማወራው።

«ረጅሙን የሚፈልግ ደንበኛ ቁጭ ብሎ እየጠበቀሽ ነው» አሉኝ።

«ይጠብቀኝ፤ ሰኞ አመጣለታለሁ። ባለ ሃምሳው የኔ ነው።»

«እንዴ! የባሌ ቀበሮ እምቢ አለሽ?»

«ሰው ነው እምቢ ያለኝ» አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ግን ሳቁ።

እንግዲህ ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። አገርህ ወፍና አውሬ ከሆነ ረጅሙን ግዛ፤ እጅህ ይጥና፣ ፀሐይም ይውጣልህ። የምታነሳው ሰው ከሆነ ግን፣ ደመወዝህም እንደኔ ከሆነ፣ ባለ ሃምሳውን ግዛና እግርህን ተጠቀም። ይህን ስል ደግሞ ገና እሑድ አልደረሰም ነበር።

ቅዳሜ ዘይነባ «ሶፍ ዑመር እንሂድ ወይስ ገበያ?» አለችኝ። ገበያ አልኩ። አንድ እህል ነጋዴ ፎቶ ከማንሳቴ በፊት ስለ እያንዳንዱ ዘመዴ ጠይቀውኝ፣ ሲጨርሱ «በይ አሁን አንሺኝ፤ ዘመድ ሆነናል» አሉኝ። የስንዴው አቧራ በፊታቸው ላይ፣ ዓይናቸው እየሳቀ፣ ጥሩ ሆነው ወጥተዋል። ከእሳቸው ሌላ የተነሳ የለም፤ ገበያው በዚሁ አለቀብኝ።

እሑድ

ለመልስ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ተጠረገ። አዴ ሐሊማ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በየደቂቃው በሩን እያዩ፣ ገንፎውን ሁለት ጊዜ አማሰሉት።

እኔ ሐሳቤ ቤት ውስጥ ሆኜ እናትየውንም ልጅቷንም ፊት ለፊት ማንሳት ነበር። አንድ ጊዜ ልሞክር ብዬ ዘይነባን በሩ ላይ አቆምኳት። ጀርባዬ ግድግዳው እስኪነካ ብሸሽ ከዘይነባ የሚታየኝ ግማሽ ፊትና አንድ ትከሻ ነው። ባለ ሃምሳው ጠባብ ቤት ውስጥ ይጠብባል፤ ሁለት ሰው አቅፎ አይይዝም። ያ የናቅሁት ትንሹ ሌንስ ይህን ቤት ከነሰዉ ጥርግ አድርጎ ያስገባው ነበር፤ እሱ ግን አዳማ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም በኪሴ ነው። ጀማሪዎች ሆይ፣ ከካሜራችሁ ጋር የመጣውን ሌንስ አትናቁ።

ስለዚህ ወደ ደጅ ወጣሁ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ወደ ኋላ እንደልቤ እሸሻለሁ። ደግሞም ከፊት ለፊቴ ቁሚ ብለውኛል። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፤ እኔም ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኳቸው፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ላማቸው፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «አየሁሽ።»

መኪናው ከውጭ ጡሩምባውን ሲነፋ እልልታ ቀለጠ። ሰሚራ ከኋላዬ መጣች። አልሮጠችም፤ ሙሽራ አይሮጥም፤ ግን አጠገቤ ስታልፍ ትንፋሿ እንደ ሮጠ ሰው ነበር። አዴ ሐሊማ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አነሣሁ፣ አነሣሁ፣ አነሣሁ። ከዚያ አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ የጎባ እንግዶች ተጋፍተው ሸፈኗቸውና ምንም አይታየኝም።

ጥግ ይዤ ፎቶውን አየሁት። አዴ ሐሊማ ከልጃቸው ትከሻ በላይ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ የጎደለችው ጥርስ እስክትታይ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ሁሉ ነገራቸው አለ። ሰሚራ ግን ጀርባዋ ነው የሚታየው፤ ሻሽና ጀርባ ብቻ። ልጅቷ አንድ ነገር ለምና፣ ነገ በማለዳ ጂጂጋ ልትሄድ፣ እኔ ፊቷን ሳላነሳላት ቀረሁ። እናትየውን እንደገና በሩ ላይ እንዲቆሙልኝ ልለምን አሰብኩ፤ አሁን ግን ልጃቸው ገብታለች፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው መሄዷ ነው፤ አይቆሙልኝም።

ሰዉ ገንፎ ላይ ሲቀመጥ ሰሚራን ወደ ጓዳ ጠራሁና ካሜራውን ሰጠኋት። ይቅርታ ልጠይቃት ቃል እየፈለግሁ ነበር። ብዙ አየችው። በጣቷ የእናቷን ፊት አጉልታ፣ ጥርሳቸውን፣ ግንባራቸውን፣ የተዘረጉትን እጆቻቸውን አንድ በአንድ አየች።

«ፊትሽ አልወጣም፣ ሰሚራ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «የኔን ፊት ምን አደርገዋለሁ? ጂጂጋም መስታወት አለ።»